«አይላጥም» ያለው ማነው?

መርካቶ ውስጥ በቀን በብዛት የሚነገረው ውሸት የቱ ነው ብትሉኝ አንደኝነቱን የምሰጠው «የመጨረሻውን ነው የነገርኩሽ» ለሚለው ነው። ሁለተኛው ግን ያለ ተቀናቃኝ «አይላጥም» ነው። መጥበሻው አይላጥም፣ ቀበቶው አይላጥም፣ ወርቅ ቅቡ ሐብል አይላጥም። አንድ ቅዳሜ ሲኒማ ራስ ከታክሲ ወርጄ የቀለም ሱቅ ሳዳርስ ስውል ይህችን ቃል ስለ አራት ዓይነት ቆርቆሮ ሰማኋት። አንዱ ጎመላካ ነው፣ አንዱ ናይትሮ፣ አንዱ ተራ ቫርኒሽ፣ አንዱ ደግሞ ከትንሽ ማጠንከሪያ ጋር የሚሸጥ ፖሊዩሪቴን። በተፈጥሯቸው አንዱ ካንዱ አይገናኝም። በሻጮቹ አፍ ግን አራቱም አይላጡም።

እኔ የምፈልገው ለአንድ ጠረጴዛና ለስድስት በርጩማ የሚሆን ቅብ ነበር። ጠረጴዛው የአክስቴ ነው። አክስቴ ከሲኒማ ራስ ብዙ በማይርቅ በረንዳ ላይ የጀበና ቡና ትሸጣለች፤ ሁለት ልጆች ያሳደገችውም በዚያችው በረንዳ ነው። ባለፉት አራት ዓመታት ሦስት ጠረጴዛ ቀይራለች። ሦስቱም ላዩ የሚያብለጨልጭ ችፑድ ነበሩ። ችፑድ ማለት እንግዲህ የእንጨት ፍርፋሪ በሙጫ ተጨምቆ የተሠራ ነገር ነው። ጠርዙ ላይ ያለችው ልባጭ አንድ ቦታ ከተነሳች ውሃው ይገባል፤ ውሃው ከገባ ጠረጴዛው ሻይ ውስጥ እንደ ተነከረ ዳቦ ያብጣል። አበቃ። የሚጠገን ነገር የለውም። የአንዱ ጠረጴዛ ዋጋ ደግሞ አክስቴ ከሰል፣ ስኳርና የቤት ኪራይ ከፍላ ከሚተርፋት የአንድ ወር ገንዘብ ይበልጣል። ስለዚህ ጉዳዩ የውበት ጉዳይ አይደለም።

እናላችሁ አራተኛውን ጠረጴዛ ራሳችን ሠራነው። «ራሳችን» ስል ትልቁን ድርሻ የያዙት የሰፈራችን ጡረተኛ አናጢ ናቸው፤ እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። ጋዜጠኝነት ተምሬ መጋዝ መያዜ መጀመሪያ ላይ አስቋቸው ነበር። («አንቺ ጻፊ፣ እኔ ልቁረጥ» ብለውኝ ነበር። ኋላ ላይ ግን ብርጭቆ ወረቀቱን ለኔ ትተው እሳቸው ቡናቸውን ጠጡ።) እንጨቱ ከፈረሰ ቤት የተረፈ የዋንዛ በር ነው። ዋንዛ እንደ ልብ አይገኝም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶን፣ ዝግባን፣ ጥድንና ዋንዛን ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ለይቶ የከለከላቸው እያለቁ ስለነበር ነው። ከዚያ ወዲህ ሌሎች የደን አዋጆች ወጥተዋል፤ የዋንዛው እጥረት ግን ያው ነው። አሮጌ በር ማለት እንግዲህ ማንም ሳይቆርጠው የተገኘ ዋንዛ ነው። ለዓመታት ስለደረቀ አይጣመምም፤ መሰንጠቅ ያለበትን ያህል ተሰንጥቆ ጨርሷል።

ችግሩ በሩ ቀለም መቀባቱ ነበር። ላዩ ቡኒ፣ ከሥሩ አረንጓዴ፣ ከዚያ ሥር ደግሞ ቢጫ። ጋሼ በልማዳቸው በእሳት ለብልበው ሊፍቁት ነበር። እዚህ ላይ ተጨቃጨቅን። የድሮ ቀለሞች፣ በተለይም ቢጫው፣ ቀዩና አረንጓዴው፣ እርሳስ ሊኖርባቸው ይችላል። እኛ አገር በቀለም ውስጥ የሚገባውን የእርሳስ መጠን ከአንድ ሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ የወሰነው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 429 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ከዚያ በፊት የተቀባ በር ላይ ምን እንዳለ የሚያውቅ የለም። እርሳስ ያለበት ቀለም ሲቃጠል በጢስ፣ በደረቁ ሲፈገፈግ ደግሞ በአቧራ ይወጣል፤ ለሕፃን አእምሮ ከዚህ የከፋ አቧራ የለም። አክስቴ ጋ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ አፉ የሚከት የአንድ ዓመት ከመንፈቅ የልጅ ልጅ አለ። ስለዚህ ውሃ እየረጨን በእርጥቡ ፋቅነው፣ ፍርፋሪውን በላስቲክ ላይ ሰብስበን አስረን ጣልነው። ሁለት ቀን ፈጀብን። ጋሼ ሁለቱንም ቀን «እኛ ይሄን ሁሉ ስንተነፍስ ኖረን ምን ሆንን?» እያሉ ዋሉ። እኔም ምን እንደሆኑ እየሰማሁ ነበር፤ በየአረፍተ ነገሩ መሃል ያስላሉና።

ቀለሙ ከተነሳ በኋላ ያለው ሥራ አሰልቺ ነው፤ ቶሎ ልለፈው። ብርጭቆ ወረቀት በ80 ይጀመራል፣ ወደ 120፣ ከዚያ ወደ 180 ይኬዳል፤ ሁልጊዜም የእንጨቱን መስመር ተከትሎ እንጂ አቋርጦ አይደለም። ከመጨረሻው በፊት በእርጥብ ጨርቅ አንዴ ይወለወላል። የተኛው የእንጨት ጭረት ብድግ ይላል፤ ሲደርቅ ያንን በ220 ማንሳት ነው። ይህን የዘለለ ሰው የመጀመሪያው ቅብ እንጨቱን ሲያርሰው ያው ጭረት ይነሳበትና ጠረጴዛው እንዳልተላጨ አገጭ ይሻክራል።

አሁን ወደ ቆርቆሮዎቹ እንመለስ። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልበል። መርካቶን መርካቶ ያሰኙት ጣሊያኖች ናቸው። በወረራው ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) የአገሬውን ሰው ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ አንስተው ወደዚህ አመጡት፤ ስሙም የራሳቸው ቋንቋ «ገበያ» ነው። እነሱ ሄዱ፣ የአናጢው ቋንቋ ግን ጣሊያንኛ ሆኖ ቀረ። ሞራሌ፣ ኮምፖርሳቶ፣ ኮላ፣ ስቱኮ፣ አኳራጅ፣ ጎመላካ። ጋሼ ጣሊያንኛ አይችሉም፤ ጠረጴዛ ሲሠሩ ግን ግማሹን በጣሊያንኛ ነው የሚሠሩት።

ከሁሉም በፊት የሳቸው ምርጫ ይኸው ጎመላካ ነበር። ጎመላካ የሚገርም ነገር ነው፤ ሕንድና ታይላንድ ውስጥ ዛፍ ላይ የምትኖር ጥቃቅን ነፍሳት የምታወጣው ሙጫ ነው፤ በአልኮል ይሟሟል። በጨርቅ ደጋግመው ሲያሹት እንጨቱን ከውስጥ መብራት የበራበት ያስመስለዋል። እኔ እስከ ዛሬ ካየኋቸው ቅቦች ሁሉ የሚያምረው እሱ ነው። ለቡና ጠረጴዛ ግን አይሆንም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከምድጃ የወረደ ጀበና ቂጡ ከዚያ ብዙ አይርቅም። ጎመላካ ግን ገና ከ80 ዲግሪ በታች ይለሰልሳል። ጀበናው ሲነሳ የጀበናው ማኅተም ጠረጴዛው ላይ ይቀራል ማለት ነው። በዚያ ላይ በአልኮል የሟሟ ነገር አልኮል ሲያገኝ ተመልሶ ይሟሟል። ማታ ማታ ከቡናው ጎን አረቄ የሚያስቀምጡ ደንበኞች እንዳሉ አክስቴ ባትናገርም ሁላችንም እናውቃለን።

ናይትሮው ሌላ ጣጣ አለው። የብዙ ወርክሾፖች ፍቅር እሱ ነው፤ ምክንያቱም በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቃል፣ ጠዋት ተረጭቶ ከሰዓት ይሸጣል። ሙቀትና እርጥበት አብረው ሲያርፉበት ግን ነጭ ቀለበት ይሠራል። ከሁሉም የከፋው ተኑ ነው። የቲነሩ ተን ከአየር ይከብዳል፣ ወለል ለወለል ይሄዳል፣ እሳት ካገኘ ይቀጣጠላል። አክስቴ የምትኖርበት ቤት አንድ ክፍል ነው፤ ከሰል የማይነድበት ሰዓት ደግሞ ጥቂት ነው። ሻጩን «ከሰል ያለበት ቤት ውስጥ ብቀባውስ?» ብዬ ስጠይቀው «መስኮት ክፈቺ» አለኝ። መስኮት የለውም ብለው ዝም አለ። ከዚያ «አይላጥም ግን» አለኝ።

የቀረው ፖሊዩሪቴኑ ነው። ማጠንከሪያው ከዋናው ጋር ሲደባለቅ ሁለቱ ተያይዘው አዲስ ነገር ይሆናሉ፤ ከደረቀ በኋላ በቲነርም በአረቄም ተመልሶ አይሟሟም፣ ትኩስ ሲኒንም ይችላል። ለጠረጴዛ ፊት ከአራቱ የሚሻለው እሱ መሆኑን እኔም ጋሼም ተስማማን። አሁን ቆርቆሮው ተገዝቶ ነገሩ ያለቀ ይመስላል አይደል? እዚህ ላይ ነው የአክስቴ ትልቁ ልጅ የመጣው።

የአክስቴ ልጅ 24 ዓመቱ ነው። የቤት ዕቃ በሚሠራ አንድ ወርክሾፕ ውስጥ ቀለም ረጪ ሆኖ ሲሠራ ሦስት ዓመት ሆኖታል። «አምጪው፣ እሁድ በኮምፕሬሶር በአሥር ደቂቃ እጨርስልሻለሁ» አለኝ። በምን አፍህን ትሸፍናለህ አልኩት። በኪሱ ያለችውን ጨርቅ ማስክ አሳየኝ፤ በኮሮና ጊዜ የተገዛች ትመስላለች።

ይሄ ልጅ ሌሊት ያስላል። አክስቴ ሦስት ጊዜ ያህል «ብርድ ነው» ስትለኝ ሰምቻለሁ። እሱ ራሱ ግን ሰኞ ሰኞ እንደሚሻለውና እስከ ዓርብ እየባሰበት እንደሚሄድ ሲነግረኝ ብርድ ቀን አይቆጥርም አልኩት። የፖሊዩሪቴን ማጠንከሪያ ውስጥ ያለው አይሶሳያኔት የሚባለው ነገር በሥራ ምክንያት ከሚመጣ አስም ዋና ዋና መንስኤዎች አንዱ እንደሆነ በዓለም ላይ ከታወቀ ቆይቷል። በብሩሽ ሲቀባ አደጋው ያነሰ ነው፤ በኮምፕሬሶር ሲረጭ ግን እንደ ጉም ሆኖ በቀጥታ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ሰውነት አንዴ ከተቆጣበት ደግሞ ከዚያ በኋላ ትንሿም ሽታ ትበቃዋለች። የጨርቅ ማስክ የእንጨት ብናኙን ትንሽ ይከለክል ይሆናል እንጂ ተንን አይከለክልም። ለተን የሚሠራው የከሰል ማጣሪያ የሚገጠምለት ማስክ ነው፤ ማጣሪያውም ጊዜው ሲደርስ ይቀየራል። ለአይሶሳያኔት እሱም ያንሳል፤ ቀኑን ሙሉ ለሚረጭ ሰው ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያመጣ ማስክ ነው የሚመከረው።

«ወተት እንጠጣለን እኮ» አለኝ።

ይህን ያላወቀ የመርካቶ ሰው ያለ አይመስለኝም። ቀለም ረጪው ወተት ይጠጣል፣ ሲሚንቶ የሚያወርደው ወተት ይጠጣል፣ ባትሪ የሚጠግነው ወተት ይጠጣል። አሠሪ ሲፈልግ ደግ ለመባል ግማሽ ሊትር ወተት ይገዛል። ወተት መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን የሚሄደው ወደ ሆድ ነው። ሳንባን የሚያጥብበት መንገድ የለውም። ይህን ስነግረው ልጁ ሳቀ፤ ቀጥሎ ግን ዝም ብሎ ማሰብ ጀመረ፤ ቀጥሎ ደግሞ «ታዲያ ለምን ነው የሚሰጡን?» አለኝ። ጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት «ለምን» የሚለው ጥያቄ ከአምስቱ ሁሉ ከባዱ ነው ብለውን ነበር። ወተቱ ከማስኩ ይረክሳል ብዬ መለስኩለት። ሌላ መልስ አላገኘሁም።

ስለዚህ በብሩሽ፣ ያውም ደጅ፣ በበጋ ቀን ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምረን ቀባን። ለምን በዚያ ሰዓት? ጠዋት እንጨቱ ጤዛ ይዟል፤ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ ደግሞ የሲኒማ ራስ ንፋስ የሰፈሩን አቧራ በሙሉ አምጥቶ እርጥብ ቅብ ላይ ይለጥፈዋል። የመጀመሪያውን እጅ በራሱ ቲነር ቀጠን አድርገን እንጨቱ እንዲጠጣው ሰጠነው። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ወፈር አድርገን፤ በየመሃሉ ከደረቀ በኋላ በ220 ቀለል አድርገን ፈገፈግነው፣ አለዚያ አዲሱ እጅ አሮጌውን የሚይዝበት ጥርስ አያገኝም። «አይላጥም» የሚባለው ነገር እውነት ከሆነ እውነት የሚሆነው እዚህ ጋ ነው፣ በቆርቆሮው ላይ በተጻፈው ሳይሆን በሁለት እጆች መካከል ባለችው በዚያች አምስት ደቂቃ። የተደባለቀው ደግሞ ለነገ አይቀመጥም። በሰዓታት ውስጥ ጣሳው ውስጥ ድንጋይ ይሆናልና የሚበቃውን ያህል ብቻ መደባለቅ ነው።

ጋሼ በዚህ ሥራ ውስጥ ትልቁን ነገር ያደረጉት እኔ ጨረስን ባልኩበት ሰዓት ነው። ጠረጴዛውን ገለበጡና ሆዱን መቀባት ጀመሩ። ማን ያየዋል አልኳቸው። «ውሃ ያየዋል» አሉኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ላዩ ታሽጎ ሥሩ ክፍት ከሆነ ክረምት ሲመጣ እንጨቱ እርጥበት የሚጠጣው በአንድ ጎኑ ብቻ ይሆናል። አንዱ ጎን ሲያብጥ ሌላው ስለማያብጥ ጠረጴዛው እንደ ቆዳ ይጎብጣል። ከዚያ የአራቱን እግሮች ጫፍ በጣሳ ክዳን ላይ በፈሰሰ ቅብ ውስጥ አቁመው አሳደሩት። የእንጨት ጫፍ ማለት የታሰረ የጭድ ዘለላ በሉት፤ ጅማቶቹ ሁሉ አፋቸውን የከፈቱት በዚያ በኩል ነው፤ ውሃውን ሽቅብ ይስበዋል። በረንዳው በቀን ሁለት ጊዜ በውሃ ይታጠባል። የድሮዎቹ ሦስቱ ጠረጴዛዎች ማበጥ የጀመሩት ከእግራቸው እንደነበር አክስቴ ትዝ ያላት ይህን ጊዜ ነው።

በርጩማዎቹን ግን ፖሊዩሪቴን አልቀባናቸውም። በርጩማ ይወድቃል፣ ይጎተታል፣ አንዱ ባንዱ ላይ ይወረወራል። ጠንካራ ልባጭ ሲመታ ይሰነጠቃል፤ ከተሰነጠቀ ደግሞ ለማደስ ሁሉንም መፋቅ ነው። በርጩማ ላይ የሚቀመጠው ሰው እንጂ ጀበና አይደለም፤ ስለዚህ የመረጥነው እንጨቱ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው፤ የተልባ ዘይት ከሰም ጋር። «ተልባ ቢንጫጫ ባንድ ሙቀጫ» የምንላት ያቺው ተልባ። ዘይቷ ከአየር ውስጥ ኦክስጅን እየሳበ ቀስ በቀስ ጠጣር ይሆናል፤ ፈረንጆች በዘመናት የዘይት ቀለማቸውንና ቫርኒሻቸውን የሠሩት በእሷ ነው፤ እኛ በጾም ቀን በጥብጠን እንጠጣታለን። ቅቤ ይህን አይችልም፤ በቅቤ የታሸ ገበታ የሚሸተው ቅቤ ስለማይደርቅ ነው። ንጹሕ የተልባ ዘይት ሕፃኑ በርጩማውን ቢልሰውም ጉዳት የለውም። (ከውጭ የሚመጣው «የተቀቀለ» የሚባለው ግን ቶሎ እንዲደርቅ የብረት ኬሚካሎች ይገቡበታልና ለእሱ አይሆንም።)

አሠራሩ ቀላል ነው። መቀባት፣ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ፣ ያልተጠጣውን በሙሉ መጥረግ። ያልተጠረገ ዘይት ለሳምንታት እንደ ማር ሲያጣብቅ ይኖራል። ከዚያ ጥቂት ቀን ማድረቅ፣ መድገም። ሦስት ዙር ካለፈ በኋላ ሰም ከዘይቱ ጋር በሙቅ ውሃ ላይ አቅልጦ ሲበርድ በጨርቅ ማሸት። አገራችን በማርና በሰም ከአፍሪካ ቀዳሚ ስለሆነች ሰም ለማግኘት ብዙ አልተንከራተትኩም። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ፤ በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨማድዶ ጥግ አይጣልም። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፣ የተከመረ ጨርቅ ውስጥ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ ከሰዓታት በኋላ ማንም ሳይለኩሰው ይነዳል። ወይ ዘርግቶ ማስጣት፣ ወይ ውሃ ውስጥ መንከር ነው። መርካቶ በእሳት ስንት ነገር እንዳጣች የሚያውቅ ሰው ይህን መስመር ሁለቴ ያነበዋል ብዬ አምናለሁ።

ፖሊዩሪቴኑ በእጅ ሲነካ በማግስቱ ደርቋል፤ ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው ግን ሳምንት ቆይቶ ነው። አክስቴን ሰባት ቀን በተዋስነው ጠረጴዛ ላይ ማሠራት ከቅቡ ሥራ ሁሉ ከባዱ ነበር። በስምንተኛው ቀን ጀበናዋን አስቀመጠች፣ አነሳች፣ ጎንበስ ብላ አየች። ምንም የለም። «እሰይ» አለች። ከዚያ ገብታ ጽጌረዳ ያለበት የጠረጴዛ ላስቲክ አምጥታ አለበሰችው።

«አክስቴ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«እንዳይላጥ ነዋ፣ የኔ ልጅ።»

ላስቲክ ከሥሩ ትኩስ እንፋሎት ያፍናል፣ አንሺው ብዬ ለምኛታለሁ። ከብዙ ድርድር በኋላ ማታ ማታ ስትዘጋ ልታነሳው ተስማምታለች። ልጇ ከወርክሾፑ አልወጣም። ሁለት ሆነው ስለ ማስኩ አሠሪያቸውን ሊያነጋግሩ እንደሆነ ባለፈው ሳምንት ነግሮኛል፤ ወተቱን ግን አሁንም ይጠጣል። ከተልባ ዘይቱ አንድ ሊትር ያህል ተርፎኛል፤ በርጩማዎቹን ሰኔ ከመግባቱ በፊት አንድ ዙር ልደግማቸው አስቤያለሁ።